የሃይድሮጂን መስመር መቀበያ ዕቃዎች ግምገማ፦ ከዶንግሉ በፊት ማጉያው

የ21 ሳንቲሜትሩን የሃይድሮጂን መስመር (በህዋ ያለ የሃይድሮጂን አቶም የሚያወጣውን የራዲዮ ሲግናል) መያዝ የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ይገዛል፦ የዩኤስቢ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የራዲዮ መቀበያ)፣ ዝቅተኛ ኖይዝ (የማይፈለግ ሹክሹክታ) ያለው ማጉያ እና አንቴና። አብዛኛው ገዢ ሲያማርጥ የሚከርመው ዶንግሉን ነው፤ ስንት ቢት ነው፣ ምን ያህል ባንድ ይወስዳል፣ አዲሱ ይሻላል ወይስ የቀድሞው እያለ። ማጉያ ሲሆን የተገኘውን ያነሳል፤ አንቴና ሲሆን ደግሞ ጣሪያ ላይ የተረፈ ካለ ይበቃኛል ይላል። ውጤቱን የሚወስነው ቅደም ተከተል የዚህ ግልባጭ ነው።

እዚህ የሚገመገሙት የአርቲኤል-ኤስዲአር ብሎግ ቪ3 ዶንግል፣ የኑኤሌክ ሶውበርድ ፕላስ ኤች1 ማጉያ እና ሁለት አንቴናዎች ናቸው፤ አንዱ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ተብሎ የሚሸጠው የፍርግርግ ዲሽ፣ ሌላው ከፎይልና ከጣሳ በእጅ የሚሠራ ቀንድ። ብያኔው ይቅደም። ማጉያው የተከፈለበትን ሁሉ ይመልሳል። ዶንግሉ በቂ ነው፤ የበለጠ ውድ መፈለግ ለዚህ ሥራ ትርፍ የለውም። የፍርግርግ ዲሹ ግን ወረቀት ላይ ያለውን ያህል አይደለም፤ በአንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ቀንድ ይበልጠዋል።

መስመሩ ያለው 1420.4058 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሄንክ ፋን ደ ሁልስት ከህዋ ሊሰማ እንደሚችል የተነበየው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ ተመራማሪዎቹ ዩወንና ፐርሰል ደግሞ በ1951 ሃርቫርድ ውስጥ ከላቦራቶሪ መስኮት ወደ ውጭ ባወጡት ቀንድ አንቴና ያዙት። ግዙፍ ዲሽ ያላስፈለጋቸው ለምን እንደሆነ ለገዢም ይጠቅማል። በፍኖተ ሐሊብ (በጋላክሲያችን) ወገብ ላይ ሃይድሮጂኑ ሰማዩን በሰፊው ስለሚሸፍን የአንቴናውን እይታ ይሞላዋል። እይታውን የሞላ ምንጭ በትልቅ ዲሽም ሆነ በትንሽ ቀንድ የሚሰጠው የኖይዝ ሙቀት (በኬልቪን የሚገለጽ የኖይዝ ኃይል) ተቀራራቢ ነው፤ በአሥር ቤት የሚቆጠር ኬልቪን። ትልቅ ዲሽ የሚጨምረው ጠባብ ቦታን ለይቶ የማየት አቅም ነው። በዚያ ላይ ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ ማንም እንዳያሰራጭበት የተከለከለ በመሆኑ፣ በከተማ መካከል እንኳ ከሌላው ባንድ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው።

ማጉያው

ሶውበርድ ኤች1 ሁለት ማጉያዎችንና 1420 ሜጋኸርዝን መሃል ያደረገ የሶው ማጣሪያን (ከሚፈለገው ባንድ ውጭ ያለውን የሚያግድ) በአንድ ሰሌዳ ላይ ይዟል። ማጣሪያው የሚያሳልፈው ባንድ 65 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት አለው፤ በዚያ ውስጥ የሚያጎላው ቢያንስ 40 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የእጥፍ መለኪያ) ነው፣ ማለትም 10,000 እጥፍ።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚሠራ በስሌት ማየት ይሻላል። የማጉያው ኖይዝ ፊገር (ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ መለኪያ) 0.8 ዲቢ ነው ብንል ወደ 59 ኬልቪን ይመጣል። የዶንግሉን 6 ዲቢ ብንል ደግሞ ወደ 860 ኬልቪን ነው። ዶንግሉ ብቻውን ከአንቴናው ጋር ቢገናኝ ይህ 860 በሙሉ ልኬቱ ላይ ይወድቃል፤ ከማጉያው ኋላ ሲቀመጥ ግን ለ10,000 ተካፍሎ ከ0.1 ኬልቪን በታች ይሆናል። በመካከል 10 ሜትር ተራ አርጂ-58 ኬብል ቢገባ፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ 7 ዲቢ ገደማ ይበላል፤ ቢሆንም ኬብሉና ዶንግሉ አንድ ላይ የሚጨምሩት ግማሽ ኬልቪን ያህል ብቻ ነው።

ያንኑ ኬብል ከማጉያው በፊት አስገቡት። የመቀበያው ሙቀት ከ1,400 ኬልቪን በላይ ይወጣል፤ መስመሩም ሞተ። ችግሩ 10 ሜትር ኬብል ማስገባት ብቻ ደግሞ አይደለም። ከማጉያው በፊት 1 ዲቢ የሚበላ ቀጭን አጭር ኬብል፣ ወይም ተደራርበው የገቡ ማቀያየሪያዎች (አዳፕተሮች)፣ 59 የነበረውን ወደ 150 ኬልቪን ያሳድጉታል። ስለዚህ ማጉያው አንቴናው ላይ በቀጥታ መታሰር አለበት፤ ወንድ-ለወንድ በሆነች አንዲት የኤስኤምኤ ማያያዣ (ትንሽ፣ በክር የሚጠብቅ የኬብል ሶኬት)፣ ያለ ምንም ኬብል። ከማጉያው ወዲህ ያለው ኬብል የፈለገውን ያህል ርካሽ ይሁን።

ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ኬብል ውስጥ ነው። ቪ3 ዶንግል በሶፍትዌር ሲታዘዝ 4.5 ቮልት ወደ ኬብሉ ይልካል፤ ባያስ ቲ የሚባለው ይህ ነው። ዶንግሉ ሲሰካ ጠፍቶ ነው የሚነሳው። ብዙ ሰው “ማጉያው ተበላሽቶ መጣ” የሚለው ይህን ሳያበራ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የዶንግሉን ጌይን (የማጉላት መጠን) በአንድ ቦታ አስራችሁ፣ ስፔክትረሙ ላይ ያለውን የኖይዝ ወለል እያያችሁ ባያስ ቲውን አብሩ። ወለሉ ከ20 ዲቢ በላይ ዘሎ ካልተነሣ ወይ ማጉያው ኃይል አላገኘም፣ ወይ መግቢያና መውጫው ተገልብጦ ታስሯል። ሁለተኛው ከሚገመተው በላይ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁለቱ ማያያዣዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ማሰር አይገባም።

አንድ የማይጠበቅ ወጥመድ አለ። በኬብሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ሞገድ ለማርገብ 3 ዲቢ አቴኑዌተር (ሲግናል የሚቀንስ ዕቃ) ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን አቴኑዌተሩ በውስጡ ያለው ተራ ሬዚስተር ነው። በመስመሩ ላይ 17.6 ኦኸም አለ። ማጉያው 100 ሚሊአምፔር ቢስብ ወደ 1.8 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ4.5ቱ የሚደርሰው 2.7 ብቻ ነው፣ ለማጉያው አይበቃውም። አቴኑዌተር ከገባ ማጉያውን በራሱ የኃይል መግቢያ መመገብ ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ባያስ ቲው መጥፋት አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ማብራት ሰሌዳውን መፈታተን ነው።

ከብረት ሳጥን ጋር የሚሸጠውን መምረጥ ይሻላል። እርቃኑን ያለው ሰሌዳ አንቴናው ሥር ሲቀመጥ ከራሱ መውጫ ወደ ራሱ መግቢያ ሊያፈስ ይችላል፤ 40 ዲቢ የሚያጎላ ነገር ትንሽ ከፈሰሰበት ያፏጫል። ምልክቱም ስፔክትረሙ ላይ እጅ ሲጠጋ ቦታውን የሚቀይር ሹል መስመር ነው። ለዝናብ ደግሞ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ማስገባት፣ ኬብሉን ከሳጥኑ በታች በኩል አውጥቶ ውሃው የሚንጠባጠብበት እጥፋት መተው ይበቃል።

ዶንግሉ

ቪ3 ባለ 8 ቢት ነው፤ ገዢዎች የሚሸሹትም ይህን ነው። ፍርሃቱ ግን ለዚህ ሥራ ቦታው አይደለም። ከሰማይ የሚመጣው ሲግናል ራሱ ኖይዝ ነው፤ ኖይዝን ለመለካት ብዙ ቢት አያስፈልግም። ትልልቆቹ የራዲዮ ቴሌስኮፖች ለብዙ ዓመታት በ1 ቢትና በ2 ቢት ሠርተዋል። 1 ቢት ብቻ ሲኖር የሚቀረው ስሜታዊነት (ደካማ ሲግናል የመያዝ አቅም) 64 ከመቶ ነው፤ በ2 ቢት 88 ከመቶ ይደርሳል። 8 ቢት ላይ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ቢት የሚጠቅመው በባንዱ ውስጥ ኃይለኛ የሰው ሲግናል ሲኖር ነው፤ እዚህ ባንዱ የተጠበቀ ነው፣ ከፊቱም ማጣሪያ አለ።

ከቢቱ ይልቅ ዋጋ ያለው የዶንግሉን ፍሪኩዌንሲ የሚወስነው ክሪስታል ትክክለኛነት ነው። ቪ3 ላይ ያለው ሙቀትን የሚቋቋም ክሪስታል በሚሊዮን 1 ያህል ነው የሚስተው፤ በ1420 ሜጋኸርዝ 1.4 ኪሎኸርዝ፣ ወደ ፍጥነት ሲመለስ 0.3 ኪ.ሜ በሰከንድ። ተራ ክሪስታል ያለው ርካሽ ዶንግል በሚሊዮን 50 ቢስት 71 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም 15 ኪ.ሜ በሰከንድ ይሳሳታል፤ ያ የጋላክሲውን ክንዶች ቦታ ለማዛባት ይበቃል። ከሁለት ዶንግሎች አንዱን የምትመርጡ ከሆነ መለያችሁ ይህ ይሁን። አዲሱ ቪ4 ዶንግል በሌላ ባንድ ላይ ጥቅም አለው፤ ለ1420 ብሎ ቪ3ን መጣል ግን አያዋጣም።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። የናሙና ፍጥነቱን 2.4 ሚሊዮን በሰከንድ አድርጉ፤ 3.2 ይላል፣ ግን እዚያ ናሙና እየጣለ ይሄዳል። አውቶማቲክ ጌይን ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፤ ያለዚያ ሰማዩ ሲሞቅ ጌይኑ ራሱ ወርዶ ልኬቱን ይበላዋል። ጌይኑ ከ0 እስከ 49.6 ዲቢ በ29 ደረጃ ይሄዳል። የናሙናዎቹ የኖይዝ መጠን ከ127 ውስጥ ከ10 እስከ 20 እስኪሆን ድረስ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ። አንድ ደረጃ ጨምራችሁ ወለሉ በዚያው ልክ ካልጨመረ ዶንግሉ መጨናነቅ ጀምሯል፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ።

ሊኑክስ ላይ ዶንግሉ አልከፈት ካለ ኮምፒውተሩ እንደ ቴሌቪዥን መቀበያ አውቆት ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው፤ ያንን የቴሌቪዥን ድራይቨር ከሚጫኑት ዝርዝር ማገድ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ዛዲግ በሚባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን መቀየር። ዶንግሉ ይግላል፣ ያ ባሕርይው ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞቅ የተወሰደ ልኬት አይታመን። ኮምፒውተሩ ጎን በቀጥታ ከመሰካት ይልቅ በዩኤስቢ ማራዘሚያ ራቅ ማድረግ የኮምፒውተሩን ኖይዝ በብዙ ይቀንሳል።

የፍርግርግ ዲሹ

1 ሜትር በ60 ሳንቲሜትር የሆነው የዋይፋይ ዲሽ ሳጥኑ ላይ 24 ዲቢአይ (የአንቴና ጌይን በዲቢ) ተብሎ ተጽፎበታል። ያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ወደ 1420 ሲወርድ በሞገዱ ርዝመት ብቻ 4.7 ዲቢ ይጠፋል፤ 19 ገደማ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ጣጣው ያለው መሃሉ ላይ በተቀመጠው ዳይፖል (ሲግናሉን በሚቀበለው ዘንግ) ነው፤ የተቆረጠው ለ2.4 ስለሆነ ለ1420 አጭር ነው፣ ከመጣው ሲግናል ጥሩ ድርሻውን ይመልሳል። ከዲሹ ጠርዝ አልፎ መሬትንም ያያል። መሬት 290 ኬልቪን ነው፤ ከእይታው 15 ከመቶው መሬት ላይ ቢፈስ 43 ኬልቪን ሳይፈለግ ገባ፣ ማጉያው ራሱ ከሚጨምረው ብዙም አያንስም። በተጨማሪም ከዳይፖሉ እስከ ማያያዣው ድረስ ዲሹ የራሱን ቀጭን ኬብል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከማጉያው በፊት መሆን የሌለበት ያ ኬብል።

ዳይፖሉን በ1.7 እጥፍ ማርዘም (ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሳንቲሜትር ያህል) እና ከኋላው ያለችውን አንጸባራቂ ሰሌዳ በዚያው ልክ ማራቅ ልኬቱን ያሻሽለዋል። ሳይነካም መስመሩን ያሳያል፤ አያሳይም ማለት ውሸት ነው። ለንፋስና ለዝናብ የሚመቸውም እሱ ነው፣ ጣሪያ ላይ ለወራት ሊቆም ይችላል። መቆሚያ ያለው፣ ከውጭ የሚቀር ነገር የሚፈልግ ይግዛው። ልኬት የሚፈልግ ግን ወደ ቀንዱ ይምጣ።

ቀንዱ

አፉ 75 በ59 ሳንቲሜትር፣ ከጉሮሮው እስከ አፉ ያለው ቀጥተኛ ርዝመት 68.6 ሳንቲሜትር፣ ጉሮሮው ላይ ደግሞ 17 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን የቲነር ጣሳ። እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው አልተመረጡም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ለዚህ አፍ የሚስማማው ርዝመት 68.6 ሆኖ ስለሚገጥም ነው። ጌይኑ 18 ዲቢአይ ይሆናል፣ እይታው ከ19 እስከ 22 ዲግሪ። ከዲሹ በወረቀት 1 ዲቢ ያንሳል፣ ነገር ግን ወደ ጎንና ወደ መሬት የሚያየው በጣም ጥቂት ነው።

የሚቆረጡት አራት ትራፔዞይዶች ናቸው፦ ሁለቱ ታች 17፣ ላይ 75፣ ቁመታቸው 72.8 ሳንቲሜትር፤ ሌሎቹ ሁለቱ ታች 10፣ ላይ 59፣ ቁመታቸው 74.5። በትክክል ከተቆረጡ የሁሉም ዘንበል ያለ ጠርዝ 78.4 ሆኖ ይገጥማል። ካልገጠመ ቆርጦ ለማስገደድ አትሞክሩ፤ አንዱ ቁመት ተሳስቷል። ጠንካራ ካርቶን ላይ የኩሽና አልሙኒየም ፎይል መለጠፍ ይበቃል፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ሞገዱ አልሙኒየም ውስጥ የሚገባው 2 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፣ የፎይሉ ውፍረት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

ሰዉ የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው። የፎይል ቴፕ ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሁለት ፎይል ጫፍ ለጫፍ አስቀምጦ በቴፕ መድፈን ክፍተት መተው ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ማደራረብ፣ በተቻለ መጠንም ፎይሉን ማዕዘኑን አሳልፎ ማጠፍ ይሻላል። ቀንዱ ከጣሳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ሞገዱ እዚያ ጠብቦ ስለሚያልፍ ትንሽ ክፍተት ብዙ ታፈሳለች። የጣሳውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ማላጥ፣ ፎይሉን በላዩ ማጠፍ፣ ዙሪያውን በብሎን ወይም በማሰሪያ ሽቦ አጥብቆ ማሰር።

ጣሳ ሲመረጥ ጠባቡ ጎን ከ10.5 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሁለተኛ ዓይነት ሞገድ በውስጡ መሄድ ይጀምራል፤ ሲግናሉ ይከፋፈላል። በ17 ሳንቲሜትር ስፋት ውስጥ ሞገዱ ከውጭ ካለው ይረዝማል፣ 26.9 ሳንቲሜትር ይሆናል። የዚያ ሩብ 6.7 ነው፤ የመቀበያዋ ዘንግ ከጣሳው ድፍን ጀርባ የምትርቀው ይህንኑ ያህል ነው። ቀዳዳው በሰፊው ጎን መሃል ይበሳል፣ የኤስኤምኤ ወይም የኤን ዓይነት ሶኬት በአራት ብሎን ይታሰራል፣ በመሃሉ ፒን ላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት የመዳብ ወይም የነሐስ ዘንግ ትበየዳለች። ወፍራሟ ትመረጣለች፤ ባንዷ ሰፊ ስለሆነ የርዝመት ስህተትን ይቅር ትላለች። ርዝመቷ ከጣሳው ውስጠኛ ግድግዳ ተለክቶ 5.5 ሆና ትጀምር፤ ከዚያ በናኖቪኤንኤ (ከአንቴናው የሚመለሰውን ሲግናል በሚለካ ትንሽ መሣሪያ) እያዩ ሚሊሜትር በሚሊሜትር መሞረድ። የሚመለሰው ሲግናል በ1420 ላይ ከ15 ዲቢ በታች ሲወርድ፣ ማለትም ከመጣው 3 ከመቶ ብቻ ሲመለስ፣ አቁሙ። 5.2 አካባቢ ነው የሚደርሰው። አሳጥሮ ማለፍ ይቻላል፣ ካጠረች በኋላ መልሶ ማርዘም ግን የለም፤ ለዚህ ነው ረዘም ተደርጎ የሚጀመረው።

የመጀመሪያው ልኬት ሃይድሮጂን አይደለም

ዕቃው ሁሉ ሲገጣጠም ፈጥኖ ወደ ፍኖተ ሐሊብ ማዞር ያጓጓል። ከዚያ በፊት ግን ዋይ ፋክተር የሚባለውን (በሞቀና በቀዘቀዘ ነገር መካከል ያለውን የኃይል ልዩነት) መለካት ጠቅላላ ሥራውን በሁለት ደቂቃ ይገመግመዋል። ቀንዱን ወደ መሬት አዙሮ ኃይሉን መመዝገብ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ አናት አዙሮ መመዝገብ። መሬቱ 290 ኬልቪን፣ ሰማዩ 10 ያህል ነው እንበል። ልዩነቱ 3 ዲቢ ከሆነ መቀበያው 270 ኬልቪን ነው፣ ደካማ። 5 ዲቢ ከሆነ 120 ገደማ፣ ጥሩ። 1 ዲቢ ከሆነ ከማጉያው በፊት የሆነ ቦታ ላይ ኬብል ወይም ያላረፈ መጋጠሚያ አለ፤ ሃይድሮጂን ፍለጋ ጊዜ ከማጥፋት እዚያ መመለስ ይሻላል። ሻጮች የሚጽፉት ቁጥር ሁሉ በተአማኒነት ከዚህ ልኬት በታች ነው፤ ዕቃ ለማወዳደር የሚሆነው ይህ ነው።

ስሜታዊነቱ አያሳስብም። 2.4 ሜጋኸርዙን በ512 ከፋፍለን አንዱ ክፍል 4.7 ኪሎኸርዝ፣ በፍጥነት 1 ኪ.ሜ በሰከንድ ይሆናል። ጠቅላላ ሙቀቱ 200 ኬልቪን ቢሆን በ1 ደቂቃ የሚቀረው መወዛወዝ 0.4 ኬልቪን አይሞላም፤ መስመሩ ደግሞ በአሥር ቤት የሚቆጠር ኬልቪን ነው። ሥራውን የሚያበላሸው የጌይን መንሸራተት ነው። ማጉያው ፀሐይ ወጥታበት ጌይኑ በ0.05 ዲቢ ብቻ ቢቀየር ከ200 ኬልቪን ላይ 2.3 ያዛንፋል፣ ከመወዛወዙ ስድስት እጥፍ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዲኪ በ1946 መቀበያውን በአንቴናና በታወቀ ሙቀት መካከል በሰከንድ ብዙ ጊዜ ማቀያየርን ያስተዋወቀው ለዚሁ በሽታ ነበር።

በዚህ ዕቃ ላይ የሚመቸው ዘዴ ፍሪኩዌንሲውን ማቀያየር ነው፦ 30 ሰከንድ በ1420.4፣ 30 ሰከንድ በ1423። ሁለተኛው አሁንም በተጠበቀው ባንድ ውስጥ ነው፣ ሃይድሮጂን ግን የለበትም። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉት የዶንግሉ ጎባጣ ቅርጽ ይጠፋና መስመሩ ይቀራል። ዶንግሉ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር የሚመጡትን የመጀመሪያ ጥቂት ናሙናዎች መጣል ያስፈልጋል። የሚቀረው ዘንበል ያለ መስመር ነው፤ ከኬብሉ የሚመጣ ነው፣ 10 ሜትር ኬብል በየ10 ሜጋኸርዙ የሚደጋገም ሞገድ ስለሚሠራ። ሃይድሮጂን በሌለባቸው ጫፎች ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስማምቶ መቀነስ ይበቃል። መግቢያው ላይ 50 ኦኸም መዝጊያ (በአንቴናው ፈንታ የሚታሰር ሬዚስተር) አስሮ እሱን እንደ ማወዳደሪያ መጠቀምም ይቻላል፣ ግን የመዝጊያውና የአንቴናው መመለሻ ስለማይመሳሰል ሞገዱን ከማጥፋት ይልቅ አንዳንዴ ያብሰዋል።

ጥሬውን ናሙና ማስቀመጥ ሞኝነት ነው፤ በሰዓት 17 ጊጋባይት ይበላል። አማካዩን ስፔክትረም ብቻ ማስቀመጥ።

ያየኸው ሃይድሮጂን ነው?

በትክክል 1420.000 ላይ የቆመ ሹል መስመር ሃይድሮጂን አይደለም። የ10 ሜጋኸርዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት (ክሎክ) 142ኛ፣ ወይም የ20 ሜጋኸርዝ 71ኛ ብዜት (ሃርሞኒክ) ነው፤ በአካባቢው ያለ መሣሪያ ያወጣዋል። ሃይድሮጂን ጉብታ ነው፤ በአሥርና በመቶ የሚቆጠር ኪሎኸርዝ ይሰፋል፣ ቀንዱ ከፍኖተ ሐሊብ ወገብ ሲርቅ እየደከመ ይሄዳል፣ ሰማዩ ሲዞርም ቦታውን ይቀይራል።

ለመጀመሪያ ሙከራ ዴኔብ የምትባለው ኮከብ አካባቢ ጥሩ ነው፤ አንዱ ጉብታ ከጎረቤታችን ጋዝ፣ ሌሎቹ ከራቁት ክንዶች ይመጣሉ፣ ተለያይተውም ይታያሉ። የራቁት ክንዶች ጋዝ ወደ እኛ ስለሚቀርብ ጉብታዎቻቸው ከፍ ወዳለው ፍሪኩዌንሲ ይሸሻሉ። ፍጥነት ከማንበብ በፊት ግን የመሬት ጉዞ መቀነስ አለበት፦ በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ትሄዳለች፣ ይህም እስከ 142 ኪሎኸርዝ ያንቀሳቅሳል። ይህን ያልቀነሰ ሰው የዛሬውን ልኬት ከስድስት ወር በኋላ ካለው ጋር አወዳድሮ ጋላክሲው ተለወጠ ይላል። የፀሐይን የራሷን 20 ኪ.ሜ በሰከንድም መጨመር ያስፈልጋል።

የጋላክሲውን የዙረት ፍጥነት ለማስላት ለሚፈልግ፣ በጋላክሲ ኬንትሮስ ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ክፍል ከፍተኛውን የመራቅ ፍጥነት ማንበብ ነው። በ30 ዲግሪ ላይ 110 ቢነበብ፣ የፀሐይን 220 በግማሽ ወስዶ ሲደመር 220 ይመጣል፤ ከመሃሉ 4.25 ኪሎፓርሴክ (14,000 የብርሃን ዓመት ገደማ) ርቀት ላይ ያለው ጋዝ ከእኛ እኩል ይሮጣል ማለት ነው። የ20 ዲግሪው ሰፊ እይታ ግን እዚህ ይጎዳል። ከፍተኛውን ፍጥነት የሚሰጠው ከታለመው ይልቅ ወደ ጋላክሲው መሃል የተጠጋው የእይታው ጠርዝ ስለሆነ ንባቡ ወደ ላይ ያደላል። ይህን ዕቃው አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክለው ትልቅ አፍ ብቻ ነው።

ለማን ይሆናል?

በራዲዮ ቴሌስኮፕ መሣሪያ ሙያ ለመግባት ለሚያስብ ተማሪ ከዚህ ጥቅል የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ይከብዳል፤ የትልልቆቹ ሰንሰለት በትንሹ አለበትና። ቻይና ያለው ግዙፉ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ፋስት በ19 እይታ ከ1.05 እስከ 1.45 ጊጋኸርዝ ይቀበላል፣ ማጉያዎቹ በብርድ የሚሠሩ ናቸው፣ ጠቅላላ ሙቀቱ 20 ኬልቪን አካባቢ ነው። 200 ኬልቪን ያለው መቀበያ ያንን ጥራት ለማግኘት 100 እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ ከማጉያው በፊት ምን አለ፣ ጌይኑ ስንት ጊዜ ተፈተሸ። ቆንጆ የህዋ ምስል ለሚጠብቅ ሰው ግን አይሆንም፤ የሚያገኘው ጉብታ ያለበት መስመር ነው።

ስታዝዙ በጥቅሉ ውስጥ የማይገኙትን አብራችሁ አዝዙ፦ ሁለት ወንድ-ለወንድ የኤስኤምኤ ማያያዣ፣ አንድ የኤን-ወደ-ኤስኤምኤ ማቀያየሪያ፣ አንድ 50 ኦኸም መዝጊያ፣ የዩኤስቢ ማራዘሚያ፣ በኬብሉ ጫፍ የሚታሰሩ ሁለት ፌራይት (ኖይዝ የሚያግድ ቀለበት)። የኤስኤምኤ ማያያዣ ሲገዛ በዋይፋይ ዕቃ ላይ የሚመጣው የተገለበጠው ዓይነት አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ክሩ ይገጥማል፣ ይጠብቃልም፣ መሃሉ ላይ ግን ፒኑ ስለሌለ ምንም አያልፍም።